ሥጋውን የመለስንበት ቀን

ካርቱም፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ልብስ ስተኩስ ነው ፖሊሶች የያዙኝ። ሸሚዙን ግማሽ አድርሼው ነበርና "ልጨርሰውና ልምጣ" ብላቸው ሳቁብኝ። "ያላ፣ ያ ዐም!"፣ ተነስ አጎቴ እንደማለት፣ ብለው ወሰዱኝ።

የእስር ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት ይተፋል። ጓዶቼ ቀድመውኝ ገብተዋል። ሁላችንም የሀገር ቤት ሰዎች ነን። ማዮ ሰፈር፣ በአንድ ልብስ ሰፊ ጓዳችን ቤት ተሰብስበን ሦስት ትንንሽ የግራ ቡድኖችን አፍርሰን አንድ ፓርቲ ካቆምን ገና ብዙ አልሰነበትንም ነበር። ስሙ ረጅም ነው፤ ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ እስካሁን ሳልሳሳት አልጠራውም። ነገሩ ግን ገብቶኛል፤ ለየብቻችን ስንጮኽ የሚሰማን አልነበረም።

እስር ቤት ስንገባ ውህደቱን ረሳነው። ሁሉም ከድሮ ቡድኑ ጋር በየጥጉ ተቀመጠ። "እናንተ ናችሁ ያስያዛችሁን!" ተባባልን።

እኩለ ቀን ላይ የእስር ቤቱ ሹም ራሱ በሩን ከፍቶ ገባ። ዘበኛው አንድ ትልቅ ሳሕን ሥጋ መሀል አስቀመጠ። ልብስ ሰፊውና የወሎ ልጆቹ፣ ሙስሊሞቹ፣ ቀረቡ። እኛ ክርስቲያኖቹ እጃችንን ሰበሰብን፤ ሙስሊም ያረደውን አንበላም፣ ያደግንበት ነው።

ሹሙ ይህን አይቶ ሳቀ። "ከአንድ ሳሕን መብላት አቅቷችሁ ነው አንድ ፓርቲ የሆናችሁት? ከውህደቱ ወጥቻለሁ የሚል ይነሳና በዚህ በር ይውጣ። የቀረው ወደ ድንበር ይጫናል።"

ድንበር ለእኛ የሀገራችን መንግሥት እስር ቤት ነው። አንድ ሰው ከተነሳ ደግሞ ፓርቲው አለቀ።

ልብስ ሰፊው ሳሕኑን አንስቶ ለዘበኛው ሰጠው። "ውሰድልኝ። ፉል አምጣልን።"

"ሥጋ አትወድም?"

"ወላሂ እወዳለሁ! በሕልሜም የማየው እሱን ነው። ግን አባባ ሳይበሉ አይወርድልኝም" አለ ወደ እኔ እያየ።

"አንተ ደግሞ ጾም ጨመርክብን" አለው የአገሩ ልጅ። ቢሆንም አፉ ሊያደርሰው የነበረውን ቁራጭ እያዘነ መለሰው።

"ስጣቸው" አለ ሹሙ፣ "በፉሉም ይጣላሉ።"

ፉሉ መጣ። ከየጥጉ ተነስተን ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ከበብነው። ቢስሚላህም፣ በስመ አብም ተባለ። ሹሙ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ያ ዐም፣ አንተ ሽማግሌ ነህ። ውጣና ወደ ሥራህ ሂድ።"

"ማዕድ ላይ ነን ጌታዬ" አልኩት። "ማዕድ ላይ ሰው አይጠራም። ወይ ቅረብ፣ ወይ ጠብቀን።"

አልቀረበም። በሩን እንደከፈተ ቆመ። እኛ ሳንቸኩል በላን፤ የሳሕኑን ጠርዝ እንኳ በዳቦ ጠረግን። ማንም አልተነሳም። በሩን መልሶ የዘጋው እሱ ነው።

ድንበር ሳንጫን፣ ከጊዜ በኋላ ለቀቁን። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም።

አሁን ይብሱን አርጅቻለሁ፤ ካርቱምም ብዙ አየች። ፓርቲያችን ዛሬም ትንሽ ናት፣ ዛሬም ጭቅጭቅ አያጣትም። ወጣቶቹ አንዳንዴ ተቆጥተው ቤቴ ይመጣሉ። "አባባ፣ በቃ ልንለያይ ነው" ይሉኛል። እኔ አልደነግጥም።

"ተለያዩ" እላቸዋለሁ፣ "ነገ ግን ለምሳ ሁላችሁም እኔ ጋ ናችሁ።"

እስካሁን የቀረ የለም።