ባለቤት ያጣችው ገበታ

ከዚህ በፊት ታሪክ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ በመንደራችን እንደ ጸሐፊ የምቆጠረው ሌላ ስለሌለ ብቻ ነው። ልጆቻቸው ወታደር የሄዱባቸው እናቶች እየመጡ ደብዳቤ ያጽፉኛል። «ላሟ ወለደች በይልኝ፤ አባትህ ደኅና ነው በይልኝ» ይሉኛል፤ እኔም እላለሁ። አባትየው አልጋ ላይ ቢሆንም እላለሁ። የራሴን ቃል ግን አንድ ቀንም ወረቀት ላይ አስቀምጬ አላውቅም። ይህን የምጽፈው፣ በአፌ ማለት የነበረብኝን በጊዜው ስላላልኩት ነው።

አገራችን ከብልባላ ወዲያ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ከየገበሬ ማኅበሩ አንድ አንድ ወጣት ላሊበላ ሄዶ ክረምቱን የእንጨት ሥራ እንዲማር ትእዛዝ ወረደ። ከእኛ ማኅበር የምትሄደው ሴት መሆን አለባት ተባለ። ሌሎች አባቶች ልጆቻቸውን ከለከሉ። እኔ አባት የለኝም፤ ስለዚህ ስሜን ጻፉት። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሲያልቅ ትመለስልኛለች?»

ሊቀ መንበሩ፣ «ጎበዝ ከሆነች አትመለስም። ከሚሠለጥኑት ስምንት ልጆች አንዱ ከተማው ውስጥ የእጅ ሥራ ማኅበሩ ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል» አላት።

እናቴ ደነገጠች። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያቺን አንድ ቦታ ከልቤ ማውጣት አቃተኝ። አባት የሌላት ልጅ መንደር ውስጥ ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ለጠየቀ ትሰጣለች።

ያረፍንበት ቤት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናቡ ሲወርድበት ማንም ማንንም አይሰማም፤ ይህ ለእኔ ተስማሚ ነበር። ወንዶቹ እዚያው ገለባ ላይ ይተኛሉ፤ እኔ ምግብ ከምታበስልልን ከጋሸናዋ ሴትዮ ጋር እተኛለሁ። በመጋዘኑ ውስጥ በእግር የሚረገጡ ሦስት ቶርኖዎች ቆመዋል። እግር ሲረግጥ መንኮራኩሩ እንጨቱን ያዞረዋል፤ መሮውን ሲያስጠጉት እንጨቱ እንደ ክር እየተላጠ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ቀን እንጨቱ ከእጄ አምልጦ ግንባሬን መታኝ። አልጮህኩም። ከኩልመስክ የመጣ አንድ ልጅ፣ «ይቺ ሰው በምስማር ቢወጓትም አትናገርም!» ብሎ ሳቀ።

ይህ የኩልመስክ ልጅ ወሬ አዋቂ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲያገኘኝ፣ «ትናንት ስንት ቃል ተናገርሽ? ሦስት? አይ፣ አበዛሽው፤ ሁለቱን ለዛሬ ማስቀመጥ ነበረብሽ እኮ!» ይለኛል። ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔም አንዳንዴ እስቅ ነበር፤ ውሸት አልናገርም።

ያስተማሩን ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለካህናቱ የመቋሚያ እራስ፣ ለባላገሩ የምግብ ማቅረቢያ ገበታና ዋንጫ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያሉን ይህን ነው፤ «ልጆቼ፣ እንጨት በክረምት አይቆረጥም። ውሃ የጠጣ እንጨት ቂመኛ ነው፤ ዛሬ እሺ ይልህና ፀሐይ ሲወጣ ይሰነጠቅብሃል። ግን ታዘዝን።» አጠገባቸው የቆመው ካድሬ ደብተሩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ሽማግሌው በሥራችን ግርጌ በጋለ ምስማር የየራሳችንን ምልክት እንድናደርግ ሊያሳዩን ሲሉ ካድሬው ከለከላቸው። «ሥራው የሰፊው ሕዝብ ነው፤ የግል ምልክት የከበርቴ ጠባይ ነው» አለ። ምስማሩን ውሃ ውስጥ ከተቱት።

ለሦስት ቶርኖ ስምንት ሰው ስለነበርን ተራ አይደርስም ነበር። ሽማግሌው፣ «ቀትር ላይ እኔ አልወጣም፤ የፈለገ ይምጣና ይሥራ» አሉን። ሌሎቹ ጠላ ቤት ይሄዱ ነበር። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ብዙ አይናገሩም፤ እግሬን በበትራቸው ነካ ያደርጉና፣ «እጅሽ ይረፍ፣ እግርሽ ይሥራ» ይሉኛል። ከደረሰኝ እርጥብ የወይራ ጉማጅ ትንሽ ገበታ እንዳወጣ ያስተማሩኝም በዚያች ሰዓት ነው። መጀመሪያ ወፍራም አድርጌ ቀረጽኳት። ከዚያ በራሷ ልጥ ሸፍኜ፣ ጆንያ ውስጥ አድርጌ፣ ከመኝታዬ ሥር ገለባ ውስጥ ቀበርኳት። «አትቸኩዪ» አሉኝ። «በየሦስት ቀኑ አውጥተሽ ጉንጭሽ ላይ አድርጊያት። ከቀዘቀዘችሽ ውሃው አልወጣላትም፤ መልሰሽ ቅበሪያት።»

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የሂስ ስብሰባ ተደረገ። የኩልመስኩ ልጅ ተነሣና፣ «ጋሼ ያዳላሉ። እኛ ስንወጣ ቶርኖውን ለአንዲት ሰው ብቻ ይሰጣሉ» አለ። እየሳቀ ነው የተናገረው፤ ክፉ ያሰበ አይመስለኝም። በዚያን ጊዜ ሂስ ያላቀረበ ሰው ራሱ ሂስ ይቀርብበት ነበር።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው ወይ፣ ጓዲት?»

እውነቱ አጭር ነበር። «ለሁላችንም ብለው ነበር፤ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ» ማለት ነው። ግን በእኛ አገር ሽማግሌ ባለበት ልጃገረድ አትመልስም፤ ትልቅ ሰው ይመልስላታል። እኔም እሳቸው እስኪመልሱልኝ እግሬን እያየሁ ጠበቅሁ። እሳቸውም ዝም አሉ። ካድሬው ዝምታዬን እንደ እሺታ ጻፈው። አሠልጣኙ፣ የሚቀረው ሰው በሚመረጥበት የምዘና ቀን፣ ስለማንም ሥራ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ ተወሰነ። «ይህ ከተደገመ ጉዳዩ ወደ በላይ ይሄዳል» አላቸው። ወደ በላይ የሄደ ጉዳይ እንዴት እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መጋዘኑ ቀትር ላይ ተቆለፈ። ሽማግሌው አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። ይህ ነው የበለጠ የከበደኝ።

ነሐሴን በሙሉ ገበታዬን ከገለባ እያወጣሁ ጉንጬ ላይ ሳደርጋት ከረምኩ። ሴትዮዋ፣ «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ እንጨት አግብታለች» ትለኝ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጉንጬ ላይ ሳደርጋት አልቀዘቀዘችኝም። በተራዬ ቶርኖው ላይ መልሼ አስገባኋትና ጠርዟ እስኪሳሳ ድረስ ቀረጽኳት። ግርጌዋ ላይ አንጓ የነበረበት ትንሽ ቀዳዳ ወጣ፤ በሰም ደፈንኩት። የኑግ ዘይት ስቀባት የወይራው መስመር እንደ ጭስ እየተጠማዘዘ ብቅ አለ። ሽማግሌው አንስተው አዩዋት፤ ገልብጠው ሰሙን በጥፍራቸው ነካ አደረጉትና መለሱልኝ። እንደወደዷት ከዓይናቸው አይቻለሁ።

የኩልመስኩ ልጅ ቸኩሎ የራሱን ገበታ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅሎ ሊያደርቃት ሞከረ። ምዘናው ሁለት ቀን ሲቀረው ከጠርዝ እስከ ግርጌ ተሰነጠቀች። ሴትዮዋ፣ «ገበታ ሠራሁ ብለህ ማገዶ አመጣህልኝ!» አለችው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገር ዋለ። አዘንኩለት።

ጳጉሜ ላይ ለአብዮት በዓል የሚቀርበውን ሊመርጡ ሦስት ሰዎች መጡ። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ጨርቅ አልብሰው ሰባት ሥራ ደረደሩ። ሽማግሌው በር አጠገብ ጉማጅ ላይ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ለእንግዶቹ ምግብ እያበሰለች ስለነበር እዚያ አልነበረችም። ካድሬው የእኔን ገበታ ከፍ አድርጎ አነሣት።

«ይቺ የማን እጅ ናት?»

ወደ ሽማግሌው አየሁ። የተከለከሉትን አውቃለሁ፤ በእኔ ዝምታ መከልከላቸውንም አውቃለሁ። ሆኖም እሳቸውን ነው ያየሁት። መሬት መሬት ያያሉ።

«እንዴ፣ ባለቤት የላትም?» አለ ካድሬው። እንግዶቹ ሳቁ።

«የኔ ናት፣ ጓድ» አለ የኩልመስኩ ልጅ። እሱም ሳቅ ብሎ ነበር የተናገረው፤ የቀልድ ይመስላል። አንድ ሰው «ተው እንጂ» ቢለው ኖሮ ምናልባት ይተው ነበር። ካድሬው ግን ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ስሙን ጻፈ። ስድስቱ ልጆች የማን እንደሆነች ያውቃሉ። አንዳቸውም አልተናገሩም። ለምን ይናገሩልኛል? እኔ ለሽማግሌው መቼ ተናገርኩ?

«የአንቺስ ሥራ የታለ፣ ጓዲት?»

እንደገና እግሬን አየሁ። «ሥራ አላቀረበችም» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉን ከተቀመጥኩበት ሆኜ አነበብኩት፤ ማንበብማ እችላለሁ።

ያች አንዲት ቦታ ለእሱ ሆነች። ሴትዮዋ ስትሰማ፣ «እኔ በኖርኩ ወላሂ እጮህላቸው ነበር! አብሽሪ፣ አላህ ያያል» አለችኝ። ግን ይህን ብላኝ ወዲያው ለእንግዶቹ ትሪ ይዛ ስትገባ እሷም ዝም ብላ ነው የገባችው።

እናቴ መመለሴን ወደደችው። ጥር ላይ ሰጡኝ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ በዓመቱ ለውትድርና ወሰዱት። አሁን ለእሱም ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እናቱ የምትለኝን እጽፋለሁ። ባለፈው ከላሊበላ የመጣ ሰው የኩልመስኩ ልጅ ሠራት የምትባለውን ገበታዬን በማኅበሩ ቢሮ ውስጥ እንዳያት ነገረኝ፤ ጠረጴዛ ላይ ቁልፍና የማኅተም ቀለም ተቀምጦባታል። ግርጌዋ ሰም አለው ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

ከላሊበላ በወጣሁበት ጠዋት ጓዜን ጠቅልዬ ሽማግሌውን ልሰናበት ሄድኩ። መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጠው መሮ ይስላሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ፣ ክረምቱን ሙሉ ያልነበረኝ ድምፅ ያን ጊዜ መጣልኝ።

«ጋሼ፣ የኔ እንደሆነች ያውቃሉ። ምነው ዝም አሉኝ?»

የመሮውን ስለት በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። ካድሬው እንዳይሰማ ወደ ውስጥ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት።

«የኔን አፍ እነሱ ዘጉት» አሉኝ። «ያንቺን ማን ዘጋው፣ ልጄ?»