የደቻቱ አሸዋ ያስተማረው እግር

ኒቆዲሞስን በሙሉ ስሙ የሚጠራው መታወቂያው ብቻ ነው። ለተቀረው ድሬዳዋ ኒቆ ነው። ስልሳ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ ድሬ ግን ሽበት አይታ አንቱ አትልም፣ አንተ ትለዋለች፣ እሱም ይመቸዋል። አባቱ የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ። እሱ ከሳቸው አንዲት አሮጌ ፔጆና ፉከራ ወረሰ። ፔጆዋ መንገድ ላይ ሞተሯ ይጠፋል፤ ፉከራው ግን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

መንጃ ፈቃድ ያማረው ሁሉ ማሠልጠኛ ከመግባቱ በፊት እጁን ለማፍታታት ወደ ኒቆ ይመጣል። ኒቆም ደቻቱ ይዞት ይወርዳል። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ምሰሶ የለ፣ ትራፊክ የለ፣ የሚገጭ የለ። ቢበዛ ፍየል ነው፤ ፍየሏም ፔጆዋን ስለምታውቃት ቀድማ ትሸሻለች።

አሸዋ ግን ክፉ ጠባይ አለው። ፍሬን ይዘህ ከቆምክበት ጎማህን ይውጠዋል። ከዚያ አካፋ ፈልግ፣ ሰው ለምን፣ ግፋ። የኒቆ ወገብ ደግሞ መግፋት አይወድም። ስለዚህ ትምህርቱ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። ከፊት ለስላሳ አሸዋ ሲታይ፣ «ስጠው! ቤንዚን ስጠው!» ብሎ ይጮኻል። ፍሬን የነካ ተማሪ ጉልበቱ ላይ የኒቆን ሰንደል ጫማ ይቀምሳል።

ከተማሪዎቹ ቱሪያን የሚያህል አልነበረም። ቱሪያ መጋላ ገበያ ውስጥ ሽርጥና የሴት ልብስ የምትሸጥ፣ ምላሷ እንደ መቀስ የሆነ ነጋዴ ናት። በሰንደሉ የተመታችው ሁለቴ ብቻ ነው። በሦስተኛው ጫማውን ከእጁ ነጥቃ በመስኮት ወረወረችው።

«አንቺ! ጫማዬን!»

«ወርደህ አምጣ። እኔ አልቆምም አቦ፣ አሸዋ ነው!»

ኒቆ ባዶ እግሩን ቤቱ ገባ፤ ታሪኩንም ለሦስት ወር በኩራት አወራው።

ቱሪያ ማሠልጠኛ ገብታ ምልክቱን ተማረች፣ ፈተናውን በአንዴ አለፈች፣ አሮጌ ፒክአፕ ገዛች። ዕቃዋን ራሷ ጭና ራሷ ስታራግፍ መጋላ አፉን ከፍቶ አየ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል አደረ። ጎርፉም የደቻቱን አሸዋ አምጥቶ አስፋልቱ ላይ፣ ልክ ከእግረኛ ማቋረጫው ፊት አነጠፈው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቱሪያ በዚያ መጣች። ልብስ ሰፊው አብዱሰመድ ጥቅል ጨርቅ ታቅፎ ዜብራውን ይሻገራል። አየችው። ግን አሸዋውንም አየች። እግሯ ሳያማክራት ቤንዚን ሰጠ።

አብዱሰመድ አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። የስፌት መኪናውን የሚረግጥበት እግር።

ሕጉ በራሱ መንገድ ሄደ። ሽማግሌዎች ደግሞ ለእርቅ አብዱሰመድ ግቢ ተቀመጡ። ኒቆ ሁለቱንም ወገን ስለሚያውቅ ተጠርቶ ነበር። ጫቱ ከተዘረጋ በኋላ ቱሪያ እንድትናገር ተፈቀደላት።

«ሰውየውን አይቼዋለሁ፤ አሸዋውንም አይቼዋለሁ» አለች። «ፍሬን መርገጥ ነበረብኝ፣ ቤንዚን ረገጥኩ። ለምን እንደሆነ ወላሂ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ!» አለ ኑርቶ፣ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ አፈኛው፣ ጉንጩን በጫት እንደወጠረ። «ሴት ናታ! ለሴት መሪ መስጠትኮ ግመልን መሰላል ላይ ማውጣት ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ቱሪያ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ አንገቷን ደፋች።

ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ ተቀምጧል። ኒቆ አፉን ሊከፍት ነበር። ከጎኑ ግን ሦስት የድሮ ተማሪዎቹ ነበሩ፤ «እኛ የኒቆ ምሩቆች» እያሉ የሚፎክሩ። ለውዝ አነሳ። ፈለፈለ። ሌላ አነሳ። የዚያን ቀን የፈለፈለውን ያህል ለውዝ በዕድሜው ፈልፍሎ አያውቅም ይላሉ አጠገቡ የነበሩት።

ቱሪያ የፒክአፑን ቁልፍ ለወንድሟ ለጦልሃ ሰጠች። ጦልሃ በአንድ ወር ውስጥ አንድ አጥርና አንድ የአህያ ጋሪ ገጨ። «ወንድ ነዋ!» ያለ ግን አልተገኘም። እሷ ራሷ «ኑርቶ እውነቱን ነው፣ መሪ ለኔ አይደለም» ማለት ጀመረች። ይቺ ወሬ ኒቆ ጆሮ የደረሰች ዕለት ቁርሱን ትቶ ተነሣ። ቁርስ የሚተው ሰው አልነበረም። እርቁ ከወረደ አምስት ወር አልፏል።

መጀመሪያ አብዱሰመድ ዘንድ ሄደ። አብዱሰመድ የስፌት መኪናው ላይ እጀታ አስገጥሞ በአንድ እጁ ያሽከረክራል፣ በአንድ እጁ ጨርቁን ይገፋል፤ ስፌቱ ወልገድ ወልገድ ይላል። ኒቆ የአሸዋውንም የሰንደሉንም ነገር ዘረገፈለት።

አብዱሰመድ ቀና ሳይል፣ «እኔን የሰበረኝ ፒክአፕ ነው፤ ራጁም አለኝ» አለ። «እሷ ግን ምን እንደሰበራት አታውቅም። ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድ፣ ለእሷ ንገራት።»

ሄደ። ቱሪያ ሽርጥ እያጠፈች ሰማችው። ሲጨርስ አንዷን ሽርጥ ፈትታ እንደገና አጠፈቻት።

«ያን ቀን እዚያ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ኑርቶ ሲናገር ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። አሁን ሄጄ እነግረዋለሁ፤ ለሁሉም እናገራለሁ።»

«አሁን? ያን ቀልድኮ መጋላ በሙሉ ተቀባብሎታል ኒቆ። ቤት ለቤት ዞረህ ልትለቅመው ነው?»

«ጠዋት ጠዋት አስፋልት ላይ እንውጣ። መቆም አስተምርሻለሁ።»

«አንተ?» አለችና አየችው። በዚያ አስተያየት ውስጥ ሳቅ ቢኖር በተሻለው።

ቀን ስድስት ሰዓት ሆኖ ሱቆች ሙቀቱን ሽሽት መዘጋት ጀመሩ። ቱሪያም ቆልፋ ባጃጅ አስቆመች፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ እንደተገተረ ዞር ብላ አየችውና፣ «ግባ፣ ይሄ ፀሐይ ይገድልሃል» አለችው። ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ባጃጁን የሚነዳው ሂሻም ጥንቁቅ ነው። ገና ዜብራ ከሩቅ ሲታይ ግን የቱሪያ ቀኝ እግር፣ ፍሬን ያለ ይመስል፣ ወለሉን በኃይል ይረግጣል። አንዴ። ሁለተኛው ዜብራ ጋ እንደገና።

«እህቴ፣ ወለሉን እንዳትበሺው!» አለ ሂሻም እየሳቀ። «ምን ሆነሽ ነው?»

ኒቆ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት እግሯን።»

ሂሻም ነገሩ ሳይገባው በመስታወቱ አያቸው። ቱሪያ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች፤ ሦስተኛው ዜብራ እየቀረበ ነበር፣ እግሯም ቀድሞ ተነሥቷል።