የሁዳዴ ዓሣዎች

ሁለቱ ዓሣዎቼ ተበሉ። የበላቸው ሦስተኛው ነው።

ጉለሌ ባለው ቤቴ የጨው ውሃ ዓሣ አረባለሁ። ሦስቱም ሥጋ በል ናቸው። ስገዛቸው ሻጩ፣ "አንዱ ሌላው አፍ ውስጥ የማይገባ ይሁን፤ ደግሞ አይራቡ" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ቁመታቸውን ብቻ አይቼ እኩያሞቹን መረጥኩ። አንዱ አፈ ሰፊ ነበር።

ለሁለት ሳምንት ለሥራ ክፍለ ሀገር ስሄድ፣ ቀጨኔ ያሳደጉኝን አክስቴን እትዬ ዘነበችን ቤቱንም ዓሣዎቹንም አደራ አልኳቸው። ስመለስ ፍሪጅ ውስጥ የተውኩላቸው ሥጋ አልተነካም።

"እትዬ፣ ምነው ሳያበሏቸው ቀሩ?"

"በሁዳዴ ሥጋ? በክርስቲያን ቤት? ዳቦ ፈረፈርኩላቸው፣ እምቢ አሉ። ሁለቱስ በሥርዓት ጾሙ። ያ አፈ ሰፊው ነው የገደፈው!"

ልቆጣ ነበር። ልጅ ሳለሁ ግን ቤት ውስጥ የሚቀመስ ሲጠፋ፣ "ዛሬ ጾም ነው" ይሉኝ ነበር። በፋሲካ ማግስት ሳይቀር ጾሜአለሁ። እሳቸውም አብረውኝ ጾመዋል።

እስከ ፋሲካ እንዲቆዩ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ።

አሁን ቤቱ ውስጥ ያለነው እትዬ፣ እኔና አፈ ሰፊው ነን።