ዝም ያለው የአቦቦ ስልክ

ከአዲስ አበባ ስነሳ ሥራዬ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን የአቦቦ ቅርንጫፍ ስልክ እየተቆረጠ አስቸግሯል፤ አንዱ መገናኛ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካው ዕቅድ አውጥቼ መመለስ ነው። በጅማ፣ በመቱና በጎሬ አድርገን ቁልቁለቱን ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ጋምቤላ ስንደርስ ሸሚዜንም ባወለቅኩ ደስ ባለኝ።

አቦቦ

ሾፌሩ በማግስቱ ሊወስደኝ ቀጥሮ፣ ቅርንጫፉ በር ላይ ጥሎኝ ወደ ጋምቤላ ተመለሰ። የጥበቃ ሠራተኛው ኦባንግ የተጠበሰ ዓሣ አቀረበልኝ። እየበላሁ ዕቃዎቹን አየሁ፦ አንድ ስልክ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ጋምቤላ ካለው ቢሯችን ጋር የሚያገናኝ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ። ታዲያ ምን ጎደላቸው? አልኩ በልቤ።

ከቀትር በኋላ ኦባንግ እየሮጠ መጣ።

"ኢንጂነር፣ ሚስቴን ምጥ ይዟታል፤ ልጁ እምቢ አለ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋምቤላ ውሰዳት አለ። መኪና ጥራልኝ!"

ስልኩን አነሳሁ። ድምፅ የለም። በመስኮት ሳይ ጭሱ ሰማዩን ሞልቶታል፤ በየበጋው እንደሚደረገው ሣሩ ተለኩሷል፣ የስልኩ እንጨቶችም አብረው ይነድዳሉ። ሬዲዮውን ከፍቼ "ጋምቤላ! ጋምቤላ!" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተጣራሁ። የሚመልስ ጠፋ። ኦባንግ አፌን አፌን ያየኛል። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

መንገድ ላይ

ያወጣን እዚያው አቦቦ ያለው የመንግሥት ጥጥ እርሻ ትራክተር ነው። የኦባንግን ሚስት አሪየትን ተሳቢው ላይ፣ የጥጥ ጆንያ አንጥፈን አስተኛናት። እሳቱ ግራና ቀኝ ይንጣጣል። ኦባንግ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ ይዞ በቋንቋቸው ያለማቋረጥ ያናግራታል።

"እየጸለይክ ነው?" አልኩት።

"ጸልያለሁ። አሁን እሷ እንድትመልስልኝ ነው። ዝም ስትል እፈራለሁ።"

ጋምቤላ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆስፒታል ደረስን። አሪየት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ተረፉ። እኔ ንዴቴን ይዤ ቢሯችን ሄድኩ። የሬዲዮ ሠራተኛው መሣሪያውን አጥፍቶ ሸንኮራ ይመጥጣል።

"ለምን ዘጋኸው?"

"ባትሪ እንዳያልቅ ነዋ፣ ጓድ። የሚከፈተው ስልክ ሲበላሽ ነው።"

"መበላሸቱን በምን ታውቃለህ?"

ሸንኮራውን አስቀመጠ። "ካልደወሉ... ደህና ናቸው ብዬ።"

መልስ

ዕቅዴ አጭር ሆነ፦ ስልኩ ሠራም አልሠራ ሬዲዮው ጠዋትና ማታ ይከፈት፤ ቅርንጫፉ ጉዳይ ባይኖረውም ደህንነቱን ይናገር፤ ድምፁ ከጠፋ መኪና ይላክ። አለቃዬ አንድም አዲስ ዕቃ አለመጠየቄን አይቶ ሳቀብኝ።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ በር ላይ አቀፈችኝ።

"ከሄድክ ጀምሮ ድምፅህ ጠፋ። ደህና ቢሆን ነው ብዬ ተኛሁ።"

"ሁለተኛ እንደዚያ ብለሽ እንዳትተኚ" አልኳት።