መዳብ ጆሮ ያላት ጠገራ

አያ ደግሰው ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ እኔ ሱቅ ሳይገቡ አያልፉም። «እንደምን ዋልሽ ሰብሌ» ይሉኛል፤ መልሴን ግን አይጠብቁም። በርጩማ ስበው ጣሳው ፊት ቁጭ ነው።

ጣሳው የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ላሊበላ ውስጥ መስቀልና የጥንት ዕቃ የምንሸጥ ሰዎች ሁላችንም ጋ እንዲህ ያለ ጣሳ አይጠፋም። ለሰብሳቢ የማይሆነውን ሳንቲም፣ የተበሳውን፣ የጠቆረውን፣ የተጣመመውን እዚያ እንወረውራለን። ከጣሳው ያነሳ ሰው የፈለገውን በአንድ ርካሽ ዋጋ ይወስዳል። አያ ደግሰው ጣሳውን ሰፌድ ላይ ይገለብጡና አንድ በአንድ እያነሱ፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ያያሉ። ከዚያ ሁሉንም መልሰው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳሉ።

«አያ ደግሰው፣ ምስር አደረጉት እኮ» እላቸዋለሁ። አይስቁም። ነገረኛ መሆኔን ያውቃሉ፤ እኔም የሚፈልጉትን አውቃለሁ። የሱቅ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሥራቸው በቅሎ ነው። እንግዳ ጭነው ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። ልጓም ይዘው ከፊት ከፊት ሲሄዱ ድምፃቸው አይሰማም፤ ባለ በቅሎ ሁሉ ደንበኛ ሲሻማ እሳቸው ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። በዚህ ጠባያቸው እንዴት ቤት እንዳቆሙ እንጃ። ሚስታቸው እትዬ አሰለች ናቸው ያቆሙት ይባላል፤ እኔም እሱን ነው የማምነው።

እትዬ አሰለች ከእናታቸው የወረሱት አንድ ጠገራ ብር ነበራቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ኖሯል። አንድ ጊዜ ክሩ የሚገባበት ጆሮው ተሰብሮ አንጥረኛው ባምላክ ዘንድ ቢወስዱት፣ ባምላክ በጁ ብር ስላልነበረው የመዳብ ጆሮ በየደለት። ነጭ ብር፣ ቀይ ጆሮ። «ይሄ ደግሞ ምን ይባላል» ብለው ተቆጡ አሉ፤ ከዚያ ለመዱት። ኋላ ላይ ከአንገታቸው አውልቀው ሙዳይ ውስጥ አኖሩት። ለምን እንዳወለቁት ለማንም አልተናገሩም።

እንግዳ የጠፋበት ክፉ ዓመት መጣ። ሆቴሉ ተዘጋ፣ እኛም ሱቃችንን ቆልፈን ቤታችን ተቀመጥን። የአያ ደግሰው በቅሎ ጎኗ ተቆጠረ። በቅሎዋ ከሞተች ነገ እንግዳ ቢመለስ እንኳ ቤቱ አልቆለታል። ከገጠር ገጠር እየዞረ የጥንት ብር የሚገዛ አንድ ነጋዴ በሰፈሩ ሲያልፍ፣ አያ ደግሰው ሙዳዩን ከፍተው ጠገራዋን ሸጡለት። በገንዘቡ ገብስና ጭድ ገዙ። ማታ ለሚስታቸው ነገሯቸው። ሌባ አይደሉም፤ ሚስቴ ያለሁበትን ችግር ታውቃለች ብለው ነው።

እትዬ አሰለች «እሷ እኮ የኔ አልነበረችም» አሉ።

ልጃቸው ፀደይ ሕፃን ሆና ኩፍኝ ይዟት ልትሞትባቸው በደረሰች ጊዜ፣ ጠገራዋን ለአሸተን ማርያም ተስለው ኖሯል። ልጄን አድኚልኝ፣ ለወግ ማዕረግ ስትበቃልኝ ይቺን አስገባለሁ ብለው። በኛ አገር ስለት በሆድ ነው የሚያዝ፤ እስኪገባ ድረስ ለባልም አይነገርም። ነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ አያ ደግሰው በቅሏቸው ብትሞት እንኳ አይነኩትም ነበር። ልማድ ነው፣ ማን ይወቀሳል?

የንስሐ አባታቸው «ልጄ፣ ዋጋውን አስገቢ፣ እመቤታችን ልብ ታያለች» አሏቸው። እትዬ አሰለች «አባቴ፣ እኔ ዋጋ አልተሳልኩም» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲያ አሸተን አልወጡም። ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን እተራራው ግርጌ ድረስ ይሄዳሉ፤ ቀና ብለው ያያሉ፣ ይሳለማሉ፣ ይመለሳሉ። ባልየውን አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሯቸውም። ቢናገሯቸው ይሻላቸው ነበር።

አያ ደግሰው ጣሳ ማገላበጥ የጀመሩት ያኔ ነው። ነጋዴው የገዛውን ለላሊበላ ሱቆች ያከፋፍላል ሲባል ሰምተዋል። ጆሮ የተበየደበት ጠገራ ደግሞ ሰብሳቢ አይፈልገውም፣ ከተገኘም የሚገኘው ጣሳ ውስጥ ነው። የኛን ሲጨርሱ ሙጃ ገበያ ይወርዳሉ። አይ ልፋት! ሳንቲም ሲያዩ ኖረው ኖረው፣ የትኛው ተራ እንደሆነ፣ የትኛው ብርቅ እንደሆነ ለዩት። ፈረንጆቹም በበቅሎ ላይ ሆነው ስለ ጥንት ሳንቲም ያጫውቷቸዋል። እኛ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም፤ የጠፋበት ሰው እንጂ ነጋዴ አድርገን አላየናቸውማ።

ዘንድሮ ፀደይ ታጨች። ባሏ ዘመን የሚባል የሙጃ ልጅ ነው፣ ጨዋ። ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ። እትዬ አሰለች እህሉን አሰናዱ፣ ጠላውን ጠነሰሱ፤ ነገር ግን «ደግሱ፣ ዳሩ፤ እኔ ግን አልመርቅም። የእመቤቴን በልቼ በምን አፌ?» አሉ። ፀደይ እኔ ሱቅ መጥታ አለቀሰች። «እናቴ ጉልበቷን አስማኝ ካልመረቀችኝ፣ ከዚያ ቤት እንዴት ነው የምወጣው?» አለችኝ። አብሬያት አለቀስኩ።

አስተርእዮ ማርያም ሊገባ ሲል አያ ደግሰው በማክሰኞ መጡ። ፊታቸው ከስቷል። ጣሳውን ገለበጡ። ሲፈልጉ ሲፈልጉ አንድ ጥቁር ነገር ላይ እጃቸው ቆመ። እኔ የብረት ቁራጭ መስሎኝ ነበር። በጋቢያቸው ጫፍ ሳያሹ እንዲሁ ያዝ አድርገው ወደ በሩ ብርሃን ዞሩ።

«አላድ ነው፤ የምኒልክ ግማሽ ብር» አሉ።

ብር መሆኑን ስሰማ ሎሚዬንና አመዴን ላመጣ ተነሳሁ። እኛ ብር ካልነጣ ብር አይመስለንም፤ ያገኘነውን ሁሉ በአመድ ፈትገን ነው የምንሸጠው።

«አትንኪው» አሉኝ። «በአመድ ካሸሽው ገደልሽው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ከነጥቁረቱ ነው። አንበሳውን እይው፤ እንዲህ ያለውን አንድ እንግዳዬ በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል፣ እስከዛሬ አላገኘሁለትም። ለብቻው አስቀምጭው፣ እኔ አገናኛችኋለሁ።»

ደነገጥኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። «አያ ደግሰው፣ ምን ነካዎት? በጣሳው ዋጋ ይዘውት ቢወጡ ማን ያውቃል? እኔ ብሆን ወስጄው ነበር፣ እግዜር ይይልኝ።»

«የሰው መሸጥ ይበቃኛል» አሉ።

ከዚያ ወደ ሰፌዱ ተመልሰው አንድ ጠገራ አነሱ። ጆሮው ተሰብሮ ስሩ ብቻ የቀረ። «በምትኩ ይቺን ስጭኝ።»

«ይቺ እኮ የእትዬ አሰለች አይደለችም።»

«አይደለችም። ባምላክ መዳብ ይበይድላታል።» ቀና ብለው አላዩኝም። «ለአሰለች እንዳትነግሪ። ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ፤ እሷ ልጇን ትመርቅ።»

ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ? አላዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ለአስተርእዮ እትዬ አሰለች አሸተን ወጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የመጨረሻውን አቀበት እኔ እንድደግፋቸው ለመኑኝና አብሬ ሄድኩ። ያቺው በቅሎ ናት የተሸከመቻቸው። አያ ደግሰው ልጓሙን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፣ ወደኋላ አንድ ጊዜ አልዞሩም። እትዬ አሰለች ጠገራዋን ነጠላቸው ውስጥ ጨብጠዋታል። ቀይዋ ጆሮ በጣታቸው መሐል ብቅ ትላለች።

በቅሎ የማያስኬደው ጋ ስንደርስ ወረዱ። አያ ደግሰው «በቅሎዋን የሚይዝ የለም» ብለው እዚያው ቀሩ። በቅሎዋ ግን ድንጋይ ላይ ታስራ ነበር። እኛ በአለቱ ስንጥቅ በኩል ቀስ እያልን ወጣን። እትዬ አሰለች ከስንት ዓመታቸው ደጇን ሲረግጡ ወድቀው መሬቱን ሳሙ፤ ላነሳቸው ብሞክር እጄን ገፉት። ጠገራዋን በሁለት እጃቸው አስረከቡ፣ ቄሱ በመስቀል ባረኳቸው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ብዙ ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ስንወርድ መንገድ ላይ ድንጋይ አግኝተው አረፉ። አያ ደግሰው ከታች ይታዩናል፤ የበቅሎዋን አንገት አቅፈው ቆመዋል።

«ሰብሌ፣ የኔዋ ጀርባዋ ልሙጥ ነበረች» አሉኝ። «በእናቴም ደረት ላይ፣ በእኔም ደረት ላይ ተፋትጋ ንስሩ ጠፍቷል። የዚችኛዋ ንስር ላባው ይቆጠራል።»

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«መቼ አወቁ?» አልኩ።

«እጄ ላይ ሲያስቀምጣት። ለእመቤቴ እውነቱን ነገርኳት። የኔዋ ጠፍታለች፤ ይቺን ግን ባሌ ስንት ዓመት ጎንበስ ብሎ በየሰው ደጅ ሲለቅም ኖሮ ያመጣት ናት፤ የሱን ድካም ተቀበይኝ አልኳት። ለሱ እንዳትነግሪው። አገኘሁላት ብሎ ይረፍ።»

በሠርጉ ዕለት ፀደይ ጉልበታቸውን ስትስም እትዬ አሰለች ሁለት እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጭነው መረቋት። ረጅም ምርቃት ነበር፣ ሚዜዎቹ ደከማቸው። አያ ደግሰው አጠገባቸው ተቀምጠው አሜን ይሉ ነበር፤ ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ ሰማሁት።

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን «እንደምን ዋልሽ ሰብሌ» አሉና በርጩማውን ሳቡ።

«አያ ደግሰው፣ ስለቱ ገባ፣ ልጅቱ ተዳረች። አሁን ደግሞ ምን ፈልገው ነው?»

«የአሰለች ስለት ገባ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ የሸጥኳት ግን አልገባችም። አንድ ቀን ካገኘኋት እሷ ሳታውቅ ወስጄ አስገባታለሁ።»

አፌ ላይ መጣ። ሚስትዎ ሁሉንም ያውቃሉ፣ ተቀብለውዎታል፣ ይረፉ ልላቸው ነበር። ግን እትዬ አሰለች አደራ ብለውኛል። ጣሳውን አንስቼ እኔው ራሴ ሰፌዱ ላይ ገለበጥኩላቸውና፣ ብርሃን እንዲያገኙ የበሩን መጋረጃ ሰበሰብኩ።