የጋሽ ደምሴ የናስ መላጫዎች

በቀደም በበዓል ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተሰብስበን የናስ መቅረዝ በሎሚና በአመድ ስንፈትግ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ መፈተጉን ተውኩት። አጠገቤ ያለችው ሴት "አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። ያ ሽታ የጋሽ ደምሴ ሽታ ነው። ከሞቱ ቆይተዋል።

ጎረቤታችን ነበሩ። እንደ ወላጆቼ በሠፈራ ከወሎ አሶሳ መጥተው፣ ኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኑ። አንዴ ቶንጎ፣ አንዴ ባምባሲ፣ አንዴ ኩርሙክ ይመላለሳሉ። ሌላው ሾፌር ከመንገድ ማርና ማንጎ ጭኖ ይገባል፤ እሳቸው መላጫ ይዘው ይገባሉ። ተጠቅመው የሚጥሉትን የላስቲክ መላጫ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች ሱዳን በነበሩበት ዘመን የተሠራ፣ እጀታው የተቀረጸ፣ እጅ ላይ የሚከብድ የናስና የነሐስ መላጫ ነው። ኩርሙክ ያለ አንድ የበርታ ነጋዴ ከካርቱም እያስመጣ ያስቀምጥላቸዋል። አንድ ጊዜ አሶሳ ድረስ ይዞ መጥቶ፣ "ዋላሂ፣ ይሄ እንደ ወርቅ ነው። ለአንተ ብቻ አስቀመጥኩ" ሲላቸው ሰምቻለሁ። የዚያ ወር ደመወዝ እዚያው ቀረ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች "ጢምህ ቤታችንን ላጨው" ይሏቸው ነበር። እሳቸው መሳቅ ነው። የሚገርመው ጢማቸው ያን ያህል የሚላጭ እንኳ አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት መስታወታቸውን ማንጎው ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙና፣ ብሩሽ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መላጨት ነው። ቅዳሜ ደግሞ መላጫዎቹን ጆንያ ላይ ደርድረው ይወለውላሉ። እኔ ሎሚ እጨምቃለሁ፣ አንድያ ልጃቸው ታሪኩ ይፈትጋል። "ጢምህ ማቀምቀም ሲጀምር ከነዚህ የወደድከውን ትመርጣለህ" ይሉታል፤ "አላጫጩን እኔ ራሴ ነኝ የማስተምርህ።" ታሪኩ "ኧረ አባዬ" ብሎ ያቀረቅራል፤ ዓይን አፋር ነበር።

ያ ዓይን አፋር ልጅ ጢም ሳያወጣ ከጓደኛው ጋር በኩርሙክ አድርጎ ሱዳን ገባ፤ ከዚያም ሊቢያ። ብዙ ጊዜ ድምፁ ጠፋ። ኋላ ስልክ ተደወለ፤ ጀልባዋ ሰጥማለች ተባለ። መንደሩ በአንድ እግሩ ቆመ፣ ድንኳን ተተከለ።

በእኛ ዘንድ ልጅ የሞተበት አባት ጢሙን አይነካም። ጋሽ ደምሴ ግን በማግሥቱ ከመላጫዎቹ ሁሉ የሚበልጠውን አውጥተው፣ ለቀስተኛው እያየ፣ ልቅም አድርገው ተላጩ። እትዬ ዘነበች ከል ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ የባላቸው ፊት እንደ ሙሽራ ያበራል። የእድሩ ዳኛ ተጠግተው "ደምሴ፣ ኧረ ስለ እግዜር፣ ሰው ምን ይላል?" ቢሏቸው፣ "ሬሳ አላየሁም። የሞተብኝ ሰው የለም" አሉ።

ሰዉ "አበደ" አላቸው። እናቴ እንኳ "ምን ዓይነት አንጀት ነው!" አለች። እኔ ልጅ ብሆንም ገብቶኝ ነበር። አንድ ቀን ጢማቸውን ቢተዉት፣ ታሪኩን በገዛ እጃቸው ቀበሩት ማለት ነው። ስለዚህ በየማለዳው ይላጫሉ። እትዬ ዘነበች ደግሞ ከላቸውን አያወልቁም። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዱ የሌላውን ፊት ላለማየት እየተሸሹ ከረሙ።

ከዓመት በኋላ ከታሪኩ ጋር የሄደው ጓደኛው ከስቶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ተመለሰና በቀጥታ እነ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄደ። እኛም ተከትለን ገባን። ባሕሩ ላይ የታሪኩን እጅ ይዞ እንደነበር፣ ማዕበሉ እንዳስለቀቀው እያለቀሰ ነገራቸው። ጋሽ ደምሴ አልጮኹም። የተላጨ አገጫቸውን በእጃቸው ዳሰሱና፣

"ጢም አውጥቶ ነበር?" አሉት።

"አዎ፣ ጋሽዬ። አንዲት ምላጭ ነበረችን፣ በእሷ እየተቀባበልን ነበር የምንላጨው። እሱ አያውቅበትም፤ ፊቱን ይቆራርጠው ነበር።"

"እኔ ነበርኩ እኮ የማሳየው" አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ከዚያ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። እትዬ ዘነበች ከተቀመጡበት ተነሥተው የባላቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠጉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ፊት ምላጭ አልነካውም።

ቅርስ የሚሰበስብ አንድ የአዲስ አበባ ሰው መላጫዎቹን ሁሉ በጥሩ ዋጋ ልግዛ ብሎ ቢለምናቸው እምቢ አሉ። የመንደሩ ጎረምሳ ጢሙ ሲያቀመቅም ማንጎው ሥር እየጠሩ፣ ያ ሳሳ ያለ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ እጁን ይዘው አላጫጭ ያስተምሩታል። ከዚያ የወደደውን አስመርጠው ይሰጡታል። በሞቱ ጊዜ የመላጫዎቹ ሳጥን ባዶ ነበር።

የመጨረሻው መላጫ የደረሰው ለታናሽ ወንድሜ ነው። እስከዛሬም በእሱ ነው የሚላጨው። እትዬ ዘነበች አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ማለዳ ምርኩዛቸውን ይዘው ይመጡና እሱ እስኪጨርስ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ይላሉ። ሲጨርስ ጉንጩን በመዳፋቸው ዳሰስ ያደርጉና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።