የእትዬ ሰዓዳ ባለወተት ዛፍ

መቱ ዳር ካለ አንድ ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት የገባሁ ዕለት፣ ኃላፊው ኦቦ ገመቹ ውሃ ማጠጫ ሰጡኝና የቡናውን መደብ አሳዩኝ። «ጠዋትና ማታ ታጠጣለህ። ጥላው እንዳይገለጥ።» ጣቢያው የሚያውቀው ይህን አንድ ሥራ ነበር።

በዚያው ሳምንት ባለሱቋ እትዬ ሰዓዳ አራት ቅርንጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ሟች ባለቤታቸው ሱቁ ደጃፍ የተከሏት አጭር ዛፍ ለመንገድ ማስፊያ ጠዋት ተቆርጣለች። «የቀረኝ ይኸው ነው» አሉ።

ቅርንጫፎቹ ወፋፍራምና ቅጠል አልባ ናቸው፤ ከተቆረጡበት ነጭ ወተት ይወጣል።

«ቅንጭብ ነው?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ቅንጭብ ደጃፌ ላይ ምን ይሠራል? አበባው ነጭ፣ መሐሉ ቢጫ። ማታ ሲሸት ደንበኛ የመጣበትን ይረሳል።»

ልጡን አየሁት። ቅጠል የረገፈበት ጠባሳ ሞልቶታል፤ ቅንጭብ እንዲህ የለውም። ፍራንጂፓኒ እንደሚባል ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሦስቱን እንደ ቡና ተከልናቸው፤ ጥቁር አፈር፣ ጥላ፣ ውሃ። አራተኛው ለችግኝ ላስቲኩ ስለረዘመ መጋዘን ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

እትዬ ሰዓዳ በየቀኑ ይመጣሉ።

«ኦቦ ገመቹ፣ ዛሬስ ምን ይላል?»

«ትናንት ያለውን።»

ዝናቡ አላባራ አለ። እኔም መቀመጥ አቃተኝ፤ ሌላ ሥራ ትቼ እየሄድኩ አፈሩን እነካ ነበር። አንድ ጠዋት የመጀመሪያውን ስነካው ጣቴ ገባበት። ከታች በስብሷል። ሁለቱም ተከተሉት።

«ባሌን ሁለተኛ ቀበርኩት» አሉ እትዬ ሰዓዳ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

አካፋ ላመጣ መጋዘን ስገባ አራተኛውን አየሁት። ወተቱ ደርቆ ቁርጡን ደፍኖታል፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ እንቡጥ ብቅ ብሏል። ወስጄ ለኦቦ ገመቹ አሳየኋቸው። የደረቀውን ቁርጥ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ውሃው ነው የገደላቸው» አሉ። «ይሄን አሸዋ ላይ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ትከለው። ማጠጫውን ከዚህ አርቀው።»

ማጠጫውን ማራቅ ቀላል ነበር። እትዬ ሰዓዳን ማራቅ ግን አልተቻለም፤ በኮዳ ውሃ ይዘው መጡ።

«ጉሮሮውን ብቻ ላርጥብለት።»

«እትዬ፣ ቡና አይደለም እኮ። ዺሳ፣ ይተዉት።»

«አንተ ሁለት ጊዜ አልቀበርክም» አሉኝ። ከዚያ ውሃውን ራሳቸው ጠጡት።

ሥር ሲይዝ ወሰዱት፤ በዓመቱ፣ መንገዱ በወሰደው ሱቅ ምትክ በከፈቱት አዲስ ሱቅ ደጃፍ አበበ። ነጭ፣ መሐሉ ቢጫ። የሁሩሙ ሚኒባስ ሾፌር አንድ ቅርንጫፍ ሲለምናቸው አጠገባቸው ነበርኩ።

«ወስደህ ግድግዳ አስደግፈውና እርሳው» አሉት።

ወተት የሚያወጣ ቅርንጫፍ ቁርጡ ሳይደርቅ አይተከልም። ከተተከለም በኋላ ሥር እስኪይዝ አይነካም።